ራሳችን ገብተን ልናየው የማንችለው ፊልም

መምህራችን ወረቀታችንን አንብቦ ሲጨርስ ሣቀ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀን፦ «ከእናንተ መሃል 18 ዓመት የሞላው ማነው?»

ማንም አልነበረም። አራት ነን። ሦስታችን 17፣ አንዷ ገና 16። ወረቀቱ ላይ ደግሞ በትልቁ «የዕድሜ ደረጃ፦ 18» ብለን ጽፈናል። ሲኒማ ቤት ቢታይ እኛው ሠሪዎቹ ከበር የምንመለስበት ፊልም ልንሠራ ነበር ማለት ነው።

ጊዜው 2016 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ለንደን ውስጥ ኤ-ሌቨል (ከዩኒቨርሲቲ በፊት ያለው ትምህርት) ላይ ሚዲያ ስተዲስ፣ ማለት ስለ ፊልምና መገናኛ ብዙኃን እማር ነበር። ሥራው የአንድ አዲስ ፊልም መክፈቻ መቅረጽ ነው። የፊልሙ ርዕስና የሠራተኞቹ ስም ገብቶበት ከ2 ደቂቃ መብለጥ የለበትም። የቀረው ፊልም የለም። እንዳለ አድርገን ግን ማሰብ ነበረብን። ለማን ነው? ስንት ዓመት የሞላው ይየው? ተመልካቹን በምን ልትስቡት ነው? ይህን ጽፎ መከራከር ነጥብ አለው። እኛ ግን ቅጽ መሙላት መሰለን። የቸኮልነው ካሜራውን ለመያዝ ነበር።

ለምን 18 እንዳልን ብትጠይቁኝ መልሱ ያሳፍራል። ሆረር፣ ማለት አስፈሪ ፊልም ስለሆነ። በቃ። 15 ብንል «ፊልማችን አያስፈራም» ብለን በራሳችን ላይ የመሰከርን መሰለን።

አሁን የዘመድና የጓደኛ ልጆች እንዲህ ያለ ሥራ ሲሰጣቸው ይደውሉልኛል። ሁሉም የሚጀምሩት እኛ ከጀመርንበት ነው። በየጊዜው በስልክ ከምደግመው አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ታሪኩን ያመጣሁት እኔ ነኝ። እናቴ የሌሊት ፈረቃ ትሠራ ስለነበር ብቻዬን ያደርኩባቸው ሌሊቶች ብዙ ናቸው። ከዚያ የወጣ ነው። አንዲት ልጅ ትንሽ ወንድሟን አስተኝታ ሳሎን ቁጭ ብላለች። እናታቸው ሥራ ናት። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ከኩሽና የሙቀጫ ድምፅ ይሰማል። ቋ። ቋ። ቋ። ትንሹ ልጅ ዓይኑን እያሻሸ ይወጣና «እማዬ መጣች እንዴ? ቡና እየወቀጠች ነው» ይላታል። በዚህ መሃል የልጅቷ ስልክ ይጠራል። የደወለችው እናታቸው ናት። ከሥራ ቦታ።

ዘዴው የቆየ ነው፤ ፈለሰፍነው አልልም። የኛ የሆነው ሙቀጫው ነው።

የመጀመሪያው ስክሪፕት ግን እዚህ አያበቃም ነበር። ልጅቷ ኩሽና ትገባለች። አንድ የማይታይ ነገር እጇን ይዞ በቢላ ይቆርጣታል። ደሙ ሙቀጫው ውስጥ ይንጠባጠባል። ከመሃላችን አንዱ የውሸት ደም አሠራር ተምሮ መጥቷል። ሽሮፕ፣ ቀይ የምግብ ቀለም፣ ትንሽ ካካዎ። ሦስት ጠርሙስ ሙሉ። ለ2 ደቂቃ ፊልም ሦስት ጠርሙስ ደም! ያን ሁሉ ደም ካዘጋጀህ በኋላ 18 አለማለት ይከብዳል።

መምህሩ አልተቆጣንም። አንድ ሥራ ብቻ ሰጠን። በብሪታንያ ለፊልሞች የዕድሜ ደረጃ የሚሰጠው ቢቢኤፍሲ የሚባል ድርጅት ነው። ድረ ገጹ ላይ የፊልም ስም ስትጽፉ ደረጃው ይወጣል። ከደረጃው ሥር ደግሞ ለምን ያን ደረጃ እንዳገኘ በአጭሩ ተጽፏል። «የምታውቋቸውን አሥር አስፈሪ ፊልሞች ፈልጉ» አለን፤ «ቁጥሩን ተዉት፤ ምክንያቱን ቅዱ።»

ለሚደውልልኝ ሁሉ መጀመሪያ የማዘው ይህንኑ ነው። አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። እኛ ካነበብነው የመማሪያ መጽሐፍ ሁሉ በላይ ጠቅሞናል።

ከአሥሩ ሰባቱ 15 ሆነው ተገኙ። ሌሊት መብራት አብርተን እንድናድር ያደረጉን ፊልሞች 15 ናቸው! ምክንያቶቹን ስንቀዳ ደግሞ ሦስት ቃላት እየተመላለሱ መጡ፦ ቀላል፣ መካከለኛ፣ ጠንካራ። ፍርሃቱ ቀላል ከሆነ ፒጂ (ልጅም የሚገባበት፣ ወላጅ ግን እንዲያስብበት የሚመከርበት ደረጃ) ላይ ያርፋል። መካከለኛ ከሆነ 12ኤ። ጠንካራ ከሆነ 15። 15 ላይ ጠንካራ ፍርሃት ተፈቅዷል። ጠንካራ ስድብም ተፈቅዷል። የሚከለከለው ሌላ ነው። ካሜራው በሰው ሥቃይና ቁስል ላይ ተተክሎ መቆየት የለበትም። እጅግ የከፋ ደምና የተቦጫጨቀ ሥጋ አይሆንም። በጭካኔ የሚረዝም ማሰቃየትም እንደዚሁ።

ትንሽ ታሪክ ላስገባ። ቢቢኤፍሲ በ1912 ሲቋቋም በስሙ ውስጥ «ሳንሱር» የሚል ቃል ነበረበት። ቃሉ የወጣው በ1984 ነው። በ1932 ደግሞ ለአስፈሪ ፊልሞች ብቻ «ኤች» የሚባል ምልክት አወጡ። በ1951 ለአዋቂዎች ብቻ የሆነው «ኤክስ» መጣና «ኤች» ቀረ። የዛሬዎቹ 15 እና 18 የመጡት በ1982 ነው። ይህን የምነግራችሁ ለምን መሰላችሁ? ዛሬ አስፈሪ ስለሆነ ብቻ የሚለጠፍ ምልክት የለም። አራታችን «ሆረር ከሆነ 18» ስንል ሳናውቀው ወደ 1932 ተመልሰን ነበር።

ወረቀታችንን ይዘን ወደ ስክሪፕቱ ተመለስን። እያንዳንዱን ሾት (ካሜራው ሳይቆረጥ የሚቀርጸውን ቁራጭ) «አንተ ስንት ነህ?» እያልን ጠየቅን። ሳሎኑ ፒጂ ነው። የሙቀጫው ድምፅ ብቻውን ምናልባት 12ኤ። ስልኩ ሲጠራ 15 ይሆናል ተባባልን፤ እዚህ ላይ ተከራክረናል። ወደ 18 የሚገፋን አንድ ሾት ብቻ ተገኘ። ቢላው። ስቶሪቦርዱ (ሾቶቹን በሥዕል ያቀድንበት ወረቀት) ላይ 11 ሰከንድ ሰጥተነዋል። ቁስሉ ሲከፈት፣ ደሙ ሲወርድ፣ ሁሉም በክሎዝ አፕ፣ ማለት በጣም ከቅርብ። የፊልሙ አንድ አሥረኛ የሚጠጋው ጊዜ እጅ ላይ ተተክሎ ያልፋል።

ደግሞ ከሁሉ የከፋውን ያየችው 16 ዓመቷ ልጅ ናት። «ይህ ሾት ምን ይነግረናል?» አለች። ዝም አልን። ምንም አይነግርም። ቢላው ያለው ሦስት ጠርሙስ ደም ስላለን ነው።

ቢላውን በተመለከተ ሌላም ነገር አለ። ለንደን ውስጥ ቢላ ቀልድ አይደለም። በየሰፈሩ የተወጋ ልጅ ስም ይነሳል። ደረጃ ሰጪዎቹም በቀላሉ ከቤት ሊገኝ የሚችል መሣሪያን፣ ሰው ሊኮርጀው የሚችለውን አደገኛ ድርጊት ለብቻው ይመዝኑታል። ራስን መጉዳትም እንደዚያው ነው። የተማሪ ፊልም ደግሞ የሚቀረጸው ያለው ዕቃ ላይ ነው። ያለው ዕቃ ምንድን ነው? የኩሽና ቢላ። ስለዚህ ከመቅረጻችሁ በፊት ቢላው ታሪኩን ይሸከም እንደሆነ ጠይቁት። ካልተሸከመ መሳቢያው ውስጥ ይቀመጥ።

ቢላው ወጣ። ደም አዘጋጁ ጓደኛችን አንድ ሳምንት አኮረፈ።

ቢላው ሲወጣ አንዱ ወደ ሌላኛው ጫፍ ዘለለ። «እንግዲያው 12ኤ እናድርገው፤ ብዙ ሰው ያየዋል» አለ። ሐሳቡ ሞኝነት አይደለም። 12ኤ ማለት ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅም ከአዋቂ ጋር ሲኒማ መግባት ይችላል ማለት ነው። ቲኬት የሚገዛው ሰው ይበዛል። ትላልቆቹ ድርጅቶችም ይህን ያስባሉ። መምህራችን በ2012 የወጣውን «ዘ ውማን ኢን ብላክ» ምሳሌ አድርጎ አመጣልን። አከፋፋዩ 12ኤ ፈለገ። ለዚህ ሲባል 6 ሰከንድ ተቆረጠ፤ አንዳንድ ሾት እንዲጨልም፣ አንዳንድ ድምፅ እንዲቀንስ ተደረገ። 12ኤ አገኘ። ያም ሆኖ በዚያ ዓመት ለቢቢኤፍሲ 134 ቅሬታ ደረሰ፤ ከዓመቱ ፊልሞች ሁሉ ብዙ ቅሬታ የቀረበበት እሱ ነው። ልጆቻቸውን ይዘው የገቡ ወላጆች «ይህ እንዴት 12ኤ ይሆናል?» አሉ።

ከዚህ የተረዳነው 12ኤ በመቁረጥ ብቻ እንደማይገኝ ነው። 12ኤ ላይ አንዳንድ ትዕይንት ሊረብሽ ይችላል፤ የፊልሙ ጠቅላላ መንፈስ ግን መረበሽ የለበትም። አስፈሪው ክፍልም መደጋገምና መርዘም የለበትም። የኛን አስቡት። አንድ ደም የለም። አንድ ስድብ የለም። ግን ሁለት ልጆች ብቻቸውን ናቸው። ቦታው ተራ ቤት ነው። ከመጀመሪያው ሰከንድ እስከ መጨረሻው አየሩ ከባድ ነው። ቀልድ የለ፣ ተረት ተረት የሚመስል ዓለም የለ። ምናባዊ ዓለምና ቀልድ ፍርሃቱን ያቀሉታል ተብሎ ይታሰባል፤ እኛ ሁለቱም የለንም። ስለዚህ 15። ደም ሳይኖር 15። መምህሩ ይህን አንቀጽ ሲያነብ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ በመስማማት ጭንቅላቱን የነቀነቀው።

አንድ ወጥመድ ልጠቁማችሁ። ኢንተርኔት ላይ የምታነቡት አብዛኛው የአሜሪካ ነው። የአሜሪካ ደረጃና የእንግሊዝ ደረጃ አይተካኩም። «ኤ ኳየት ፕሌስ» የሚባለው አስፈሪ ፊልም አሜሪካ ውስጥ ፒጂ-13 (ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ ወላጅ እንዲጠነቀቅ የሚመክር፣ ማንንም ግን የማይከለክል) ነው፤ እንግሊዝ ውስጥ 15። አሜሪካ «አር» ሲባል ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከወላጅ ጋር ይገባል። እንግሊዝ 15 ከተባለ ግን የ14 ዓመት ልጅ ከአባቱም ከእናቱም ጋር አይገባም። አንድ የክፍላችን ቡድን ሙሉ ጽሑፉን በአሜሪካ ደረጃ ጽፎ አስረክቦ እንደገና ሠርቷል።

ደረጃው ሲያልቅ «ተመልካቹም አለቀ» አልን። አላለቀም። ደረጃው ማን መግባት እንደሚችል ነው የሚናገረው። ማን መግባት እንደሚፈልግ አይናገርም። እኛ የጻፍነው «ከ15 እስከ 24 ዓመት፣ ሴትም ወንድም» ነበር። መምህሩ እርሳሱን አንስቶ አሰመረበትና «ይህ ሕዝብ ነው እንጂ ተመልካች አይደለም» አለን። «አንድ ሰው አምጡልኝ።»

እኔ የአክስቴን ትልቋን ልጅ አመጣሁ። 16 ዓመቷ ነው። ፊልም የምታየው በስልኳ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ በአንድ ጆሮ ማዳመጫ ነው፤ ሌላው ጆሮዋ ለጓደኛዋ ነው። ደም ስታይ «ውሸት ነው» ብላ ትሥቃለች። ቤት ውስጥ የሆነ ነገር ከሆነ ግን ትራሱን ፊቷ ላይ ታደርጋለች። ማታ ታናሽ ወንድሟን የምትጠብቀው እሷ ናት።

ይህች አንዲት ልጅ የፊልሙን ግማሽ ቀየረችው። ቀልድ አይምሰላችሁ። መጀመሪያ ብርሃኑ ተቀየረ። ኤዲቲንግ ክፍሉ ውስጥ ባለው ትልቅ ስክሪን ያማረው ጨለማ በስልክ ሲታይ ጥቁር ወረቀት ነበር። ኮሪደሩ ላይ አንድ የጠረጴዛ መብራት ጨመርን። ቀጥሎ ድምፁ። ከሥር የሚጎተት «እምምም» የሚል ወፍራም ድምፅ አስገብተን ነበር። የስልክ ድምፅ ማጉያም፣ አውቶቡስ ውስጥ አንድ ጆሮ ላይ ብቻ ያለ ማዳመጫም ወፍራም ድምፅ በደንብ አያሰማም። ጭራሽ አይሰማም። የብረት ሙቀጫ ግን ይሰማል፤ ቀጭንና ጥርት ያለ ነው። ለንደን ውስጥ ብዙ ሰው ቡናውን በማሽን ይፈጫል፤ አክስቴ ግን ከአዲስ አበባ ያመጣችውን ሙቀጫ አልተወችም። አንድ ቅዳሜ ቤቷ ሄጄ ድምፁን ከኮሪደር፣ ከሳሎን፣ ከተዘጋ በር ጀርባ እየሆንኩ ቀዳሁት። የጀርባ ሙዚቃውን ሙሉ በሙሉ አወጣነው።

ትንሹን ልጅ ሆኖ የተወነውም የአክስቴ ልጅ ነው። 7 ዓመቱ። እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ምክንያቱም ማንም አስቀድሞ አልነገረንም። የ15 ዓመት ፊልም ውስጥ የ7 ዓመት ልጅ ስታስገባ ተዋናይህ የራሱን ፊልም ማየት የማይችል ልጅ ነው። እኛ በ18 ላይ የገጠመንን እሱ በ15 ላይ ገጠመው። አክስቴን ስክሪፕቱን ሙሉ አስነብበናት ፈቃዷን ጠየቅን። ለልጁ ታሪኩን አልነገርነውም። «ተኝተህ ነበር፤ ውሃ ጠማህ፤ እህትህን እማዬ መጣች እንዴ በላት» ብቻ ነው ያልነው። የሙቀጫው ድምፅ ሲቀረጽ አልነበረም፤ ኋላ ነው የገባው። አክስቴ አጠገቡ ብስኩት ይዛ ቆማለች። እሱ የመሰለው የማስታወቂያ ፊልም ነው።

ሲያልቅ «አሳዩኝ» አለ። መብቱ ነው! ስለዚህ ለሱ ብቻ ሌላ ቅጂ አዘጋጀን። ሙቀጫው ወጥቶ የሰርከስ ሙዚቃ ገባበት፤ መጨረሻ ላይ ስሙ በትልቁ ይወጣል። በጣም ነበር የወደደው። ትክክለኛውን መቼ እንደሚያይ ሲጠይቅ «15 ሲሞላህ» አልኩት። ቀኑን ያዘ። ልጆች ቀን አይረሱም።

ለሙከራ ያሳየነው ለአሥራ አንደኛ ክፍል ልጆች ነው፤ ሁሉም 15 የሞላቸው። በምሳ ሰዓት ዘጠኝ ልጆች መጡ። ጥያቄ ጽፈን በትነን ነበር። ጥያቄው አልጠቀመንም፤ ሁሉም «አሪፍ ነው» ብለው ጻፉ። የጠቀመን ከኋላቸው መቀመጣችን ነው። ስክሪኑን ሳይሆን ትከሻቸውን ነበር የምናየው። ልጅቷ የምትጮህበት ቦታ ነበረን፤ እዚያ ላይ ሣቁ። ስልኩ ሲጠራና «እማዬ» የሚል ስም ሲወጣ ግን አንዷ እግሯን ከመሬት አንስታ ወንበሩ ላይ ሰበሰበች። ጩኸቱን ያን ቀን ማታ ቆረጥነው። ፊልሙ የሚያልቀው ስልኩ ላይ ሆነ።

አስረከብን። ጥሩ ነጥብ መጣ። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ራሴን አዋቂ አድርጌ እቀር ነበር።

መስከረም ላይ የሰፈራችን ሐበሾች የዘመን መለወጫ ዝግጅት አደረጉ። አዳራሽ ተከራይተው፣ እንጀራው ተደርድሮ፣ ቡናው ሊፈላ። «የኛ ልጅ ፊልም ሠርታለች» ተባለና ፕሮግራም ውስጥ ገባሁ። ደስ አለኝ፤ ምንም አላሰብኩም። ፊልሙ የተያዘለት ሰዓት ከአበባየሆሽ በኋላ፣ ከምሳ በፊት ነው።

ሐበሻ ልጁን ቤት ትቶ ወደ ዓመት በዓል አይመጣም። ይህን ማወቅ ነበረብኝ፤ እኔም እንደዚያ ነው ያደግሁት። አበባየሆሽ የዘፈኑት ልጆች ነጭ ቀሚሳቸውን እንደለበሱ ስክሪኑ ፊት መሬት ላይ ተቀመጡ። አምስት ዓመት፣ ስድስት፣ ስምንት። መብራት ጠፋ።

ቋ። ቋ። ቋ።

ሦስተኛው ላይ አንዲት ሕፃን ማልቀስ ጀመረች። ከዚያ ሌላዋ። ስልኩ ሲጠራ ግማሾቹ ወደ እናቶቻቸው ሮጠዋል። መብራት ሲበራ አንዲት እናት ልጇን አቅፋ መጣችና «አንቺ ልጅ፣ በዓመት በዓል ምን አመጣሽብን?» አለችኝ። ምን እላለሁ? አንድ ሽማግሌ ሊያድኑኝ ሞከሩ። «እኛ በአያ ጅቦ አይደል ያደግነው? ማን ዕድሜያችንን ጠየቀን?» አሉ። ሰው ሣቀ። እኔ አልሣቅሁም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያቺ እናት ለአክስቴ ደውላ ልጇ ቡና ሲወቀጥ ጆሮዋን እንደምትይዝ ነገረቻት።

ይህ ነገር ከሁሉም በላይ ያስተማረኝ ነው፤ እስከ ዛሬም አስበዋለሁ። ትምህርት ቤት ያዩት ዘጠኝ ልጆች ሙቀጫ አያውቁም። ለነሱ የማይታወቅ ድምፅ ነው፤ ያስፈራቸው ስልኩ ነው። ለሐበሻ ልጅ ግን ሙቀጫ የእናት ድምፅ ነው። ቤት ውስጥ ሰላም ነው የሚል ድምፅ ነው። እኛ እሱን ወስደን አበላሸንባቸው። ያው 2 ደቂቃ፣ ያው 15፤ ግን አዳራሹ ውስጥ የነበረው ፊልም ትምህርት ቤት ከነበረው ይከብዳል። ደረጃ ሰጪዎቹ ፍርሃቱ ለተመልካቹ ሕይወት ምን ያህል ይቀርባል የሚለውን እንደሚመዝኑ አንብቤ ነበር። ለፈተና ጽፌዋለሁም። ግን ተመልካቹ ማነው ሲባል አንዲት ልጅ ብቻ ነበር ያሰብኩት። የባህላችሁን ነገር ይዛችሁ ሆረር የምትሠሩ ካላችሁ፣ ነገሩን የሚያውቀው ሰው ከማያውቀው ይልቅ እንደሚጎዳ አስቡ። ያን ቀን መቅደም የነበረበት ቀላል ነገር ነው። ፊልሙን ከምሳ በኋላ ማድረግ፣ ልጆቹን ወደ ጎን ክፍል መውሰድ፣ በአማርኛ «ከ15 ዓመት በታች ያላችሁ ውጡ» ብሎ መናገር። ወረቀት ላይ ያለ ቁጥር በር አይጠብቅም።

ለወደፊት የሚጠቅሙ ጥቂት ነገሮች ጨምሬ ላብቃ።

የቢቢኤፍሲን ምልክት ከኢንተርኔት አውርዳችሁ ፖስተራችሁ ላይ አትለጥፉ። የተመዘገበ የንግድ ምልክት ነው፤ ፊልማችሁን ደግሞ አላዩትም። «ለ15 ዓመትና ከዚያ በላይ ታስቦ የተሠራ» ብላችሁ ጻፉ፤ ይበቃል። ክፍል ውስጥ ለማሳየት ደረጃ ማስወጣት አያስፈልግም። ሲኒማ ቤት ለሕዝብ ልታሳዩ ካሰባችሁ ግን ቢቢኤፍሲ ደረጃ ይስጥ እንጂ የመጨረሻው ሥልጣን የአካባቢው ምክር ቤት ነው። ስለዚህ ቦታውን የሚያከራየውን ሰው አስቀድማችሁ ጠይቁ። አንዳንድ ፌስቲቫሎች ደረጃ ያልወጣለትን ፊልም ሁሉ ከ18 ዓመት በላይ ላሉ ብቻ ያሳያሉ። ያን ጊዜ የናንተ 15 ዋጋ የለውም፤ ጓደኞቻችሁንም መጋበዝ አትችሉም።

ዩቲዩብ ላይ ደግሞ በመካከል 15 የሚባል መስመር የለም። ያለው 18 ነው። የዕድሜ ገደብ ከተደረገበት በራሱ አካውንት ያልገባ ሰው፣ ገብቶም 18 ያልሞላው ሰው አያየውም። የኛ ባለ ቢላ ስክሪፕት ተቀርጾ ቢሆን ኖሮ እዚያ ላይ ነበር የሚወድቀው፤ ያቺ አውቶቡስ ውስጥ ያለች 16 ዓመት ልጅ ፈጽሞ አታገኘውም ነበር። «ለልጆች የተሠራ ነው?» ብሎ ሲጠይቃችሁ አይደለም በሉ። ሽፋን ምስሉም ላይ ደም አታድርጉ፤ ቪዲዮውን ያልከፈተውም ሰው ያየዋልና። መግለጫው መጀመሪያ ላይ እኛ «ልጆች ብቻቸውን ቤት ውስጥ ያሉበት አስፈሪ ታሪክ፤ ለ15 ዓመትና ከዚያ በላይ» ብለን ጻፍን።

መመሪያው ደግሞ ይለዋወጣል። ቢቢኤፍሲ በየጥቂት ዓመቱ ሕዝብ እየጠየቀ ያሻሽለዋል፤ በ2024 ባወጣው 12,000 ሰው ጠይቋል። ስለዚህ ከኔም ሆነ ካለፈው ዓመት ተማሪ ወረቀት አትቅዱ። ገጹን ራሳችሁ ክፈቱ።

በዚያው በ2024 የአክስቴ ልጅ 15 ሞላው። ልደቱ ቀን ጠዋት ደወለልኝ። «እንኳን አደረሰህ» ሳልለው «ፊልሙስ?» አለኝ። ማታ ሄድኩ። ሳሎን ተቀምጠን በስልኬ አየው። ራሱን በ7 ዓመቱ ሲያይ ትንሽ ፈገግ አለ። ስልኩ ሲጠራ ፈገግታው ጠፋ። ሲያልቅ እንደገና ከመጀመሪያው አየው፤ ያን ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

«ሙቀጫውን የሚወቅጠው ማነው?» አለኝ።

«እናትህ ናት» አልኩት።

አክስቴ ኩሽና ውስጥ ቡና እየቆላች ነበር።